መርከብን ማን ሊያስቆም ይችላል? በባሕር ላይ ሕግ የሚከበርበት መንገድ

በዲሴምበር 2002 አንዲት የስፔን የጦር መርከብ በዐረብ ባሕር ላይ የምታልፍ የጭነት መርከብ እንድትቆም አዘዘች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጠርጣሪዋ መርከብ ስም በቀለም ተሸፍኗል፤ ባንዲራም አልሰቀለችም። ትእዛዙን ሰምታ አልቆመችም። የማስጠንቀቂያ ጥይት ተተኮሰ፤ አሁንም ጉዞዋን ቀጠለች። በመጨረሻ የስፔን ኮማንዶዎች ከሄሊኮፕተር በገመድ ወርደው ተቆጣጠሯት። የጭነት ሰነዷ ሲሚንቶ ይላል። ከረጢቶቹ ሲነሡ ግን ከሥር 15 ስከድ ሚሳኤሎች ተገኙ። መርከቧ ሶ ሳን ትባላለች፤ የመጣችው ከሰሜን ኮሪያ፣ የምትሄደውም ወደ የመን ነበር።

ከዚያስ? ተለቀቀች። ሚሳኤሎቿን እንደያዘች ወደ የመን ሄደች።

ያን ጊዜ ዜናውን የሰሙ ብዙዎች ባሕር ሕግ የለውም ብለው ደመደሙ። እኔ ግን ባሕር ሕግ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስፔናውያኑ መርከቧ ላይ የወጡት ሕግ ስለፈቀደላቸው ነው። አሜሪካም በመጨረሻ እንድትሄድ የተስማማችው የመን ከሰሜን ኮሪያ ሚሳኤል እንዳትገዛ የሚከለክል ዓለም አቀፍ ሕግ ባለመኖሩ ነው። በየብስ ላይ ፖሊስ ሰውን ሲያስቆም፣ ሲፈትሽ፣ ሲይዝና ለፍርድ ሲያቀርብ ሁሉም የአንድ ሥልጣን ሥራ ይመስለናል። በባሕር ላይ ግን መርከብ ላይ መውጣት አንድ መብት ነው፤ ጭነቱን መያዝ ሌላ ነው፤ ሰዎቹን መዳኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ሦስተኛ ጉዳይ ነው። ስለ ባሕር ወንበዴዎች፣ ስለ ቀይ ባሕር ጥቃቶች፣ ስለ ተቆረጡ ኬብሎች በዜና ሰምተን ግራ የምንጋባበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በእነዚህ ሦስቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ከዓለም ንግድ በመጠን ከ80 በመቶ በላይ የሚጓጓዘው በባሕር ነው። ስለዚህ ክፍተቱ የመርከበኞችና የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ባሕር የማን ነው?

መነሻው በ1982 በጃማይካ ሞንቴጎ ቤይ የተፈረመውና በ1994 ሥራ ላይ የዋለው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ነው። አሜሪካ እስካሁን አላጸደቀችውም፤ ሆኖም አብዛኛውን ክፍል እንደ ልማዳዊ ሕግ ትቀበለዋለች። ስምምነቱ ባሕርን ከጠረፍ ባለው ርቀት ይከፋፍለዋል። መለኪያው የባሕር ማይል ሲሆን አንዱ 1,852 ሜትር ነው።

እስከ 12 የባሕር ማይል ያለው ውኃ የግዛት ባሕር ይባላል። ይህ እንደ ሰው ግቢ ነው። ባለቤቱ አገር ሙሉ ሥልጣን አለው፤ የራሱን ሕግ ያስከብራል። ልዩነቱ መንገደኛ ማለፍ መቻሉ ነው። የሌላ አገር መርከብ ሳትቆም፣ ዓሣ ሳታጠምድ፣ ሳትሰልልና መሣሪያ ሳትለማመድ በሰላም ማለፍ ይፈቀድላታል።

እስከ 24 ማይል ባለው አጎራባች ቀጣና ውስጥ የጠረፉ አገር እንደ በር ጠባቂ ነው። ከጉምሩክ፣ ከግብር፣ ከኢሚግሬሽንና ከጤና ጋር የተያያዘ ሕጉ እንዳይጣስ ይቆጣጠራል። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን የለውም።

ነገሩ የሚወሳሰበው እስከ 200 ማይል በሚዘረጋው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ነው። ብዙ ዜና ይህን ቀጣና የአገሩ ግዛት እያለ ይጠራዋል፤ ስሕተት ነው። መንገድ የሚያቋርጠውን እርሻ አስቡ። ሰብሉ የገበሬው ነው፤ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ግን ገበሬው ሊያስቆመው አይችልም። በዚህ ቀጣና ውስጥ ያለው ዓሣ፣ ነዳጅና ማዕድን የጠረፉ አገር ሀብት ነው። በላዩ የሚደረገው ጉዞ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ስለዚህ የጠረፍ ጠባቂ ያለ ፈቃድ የሚያጠምድን ጀልባ ይይዛል፤ ከአጠገቡ የምታልፈውን ኮንቴይነር የጫነች መርከብ ግን አጠራጠረችኝ ብሎ ብቻ አይነካትም። ዓሣ አጥማጁም ቢሆን በቂ ዋስትና ሲያስይዝ መርከቡና ሰዎቹ ቶሎ መለቀቅ አለባቸው፤ አገሮቹ በመካከላቸው ካልተስማሙ በስተቀር በእስራት አይቀጣም።

ከ200 ማይል ወዲያ ያለው ክፍት ባሕር ነው። የማንም ግዛት አይደለም።

በክፍት ባሕር ላይ መርከብን የሚያዘው ማን ነው?

የተመዘገበችበት አገር ነው። በመርከብ ላይ ያለ ባንዲራ የመኪና ሰሌዳንና የፓስፖርትን ሥራ አንድ ላይ ይሠራል። የመርከቧ ባለቤት ግሪካዊ፣ ካፒቴኗ ሕንዳዊ፣ መርከበኞቿ ፊሊፒናውያን፣ ጭነቷም የብራዚል ቡና ሊሆን ይችላል። የተመዘገበችው በፓናማ ከሆነ ግን በክፍት ባሕር ላይ የምትገዛው ለፓናማ ሕግ ነው፤ የሌላ አገር ባሕር ኃይል ያለ ፓናማ ፈቃድ ሊወጣባት አይችልም። ባሕር በር የሌላቸው አገሮችም መርከብ መዝግበው ባንዲራቸውን የማስያዝ መብት አላቸው። ሞንጎሊያ ይህን ታደርጋለች።

ሥርዓቱ የተመሠረተው ባንዲራውን የሰጠው አገር መርከቧን በእርግጥ ይቆጣጠራታል በሚል እምነት ላይ ነው። ስምምነቱም በአገሩና በመርከቧ መካከል «እውነተኛ ትስስር» እንዲኖር ይጠይቃል፤ እውነተኛ ትስስር ምን እንደሆነ ግን አይተረጉምም። ዛሬ ሦስት አገሮች፣ ማለትም ላይቤሪያ፣ ፓናማና ማርሻል ደሴቶች፣ ከዓለም መርከቦች የጭነት አቅም ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነውን መዝግበው ይዘዋል። ከእነዚህ መርከቦች ብዙዎቹ የአገሩን ወደብ አይተው አያውቁም። አብዛኞቹ ሕግ ያከብራሉ። ማክበር የማይፈልግ ባለቤት ግን ባንዲራን እንደ ልብስ ይለዋውጣል።

ተንደር የተባለችውን መርከብ ታሪክ ማንበብ እስካሁን ያስቆጨኛል። በአንታርክቲክ ዙሪያ ባለው ባሕር ውስጥ ዋጋው ውድ የሆነ ዓሣ በሕገወጥ መንገድ በማጥመድ ለዓመታት የታወቀች ነበረች፤ ስሟንና ባንዲራዋን በተደጋጋሚ ቀይራለች፤ ኢንተርፖልም ማስጠንቀቂያ አውጥቶባት ነበር። በዲሴምበር 2014 ሲ ሼፐርድ የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት መርከብ አገኛትና ተከተላት። ክትትሉ 110 ቀን ፈጀ። ለምን አልያዟትም? ምክንያቱም አይችሉም ነበር። የግል መርከብ፣ ዓላማው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ በባሕር ላይ ማንንም የመያዝ ሥልጣን የለውም። ይህ ሥልጣን የጦር መርከቦችና መንግሥታዊ ተልእኮ ያላቸው፣ ይህም በግልጽ የሚታይባቸው መርከቦች ብቻ ነው። የነበራቸው አማራጭ መከተል፣ ማስረጃ መሰብሰብና መንግሥታትን መጎትጎት ነበር። በመካከሉ ናይጄሪያ ተንደርን ከመዝገቧ ሰረዘቻት። በኤፕሪል 2015 መርከቧ በሳኦ ቶሜ አቅራቢያ ሰመጠች፤ አሳዳጆቿ ማስረጃ ለማጥፋት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አሉ። 40 መርከበኞቿን ከባሕር ያወጧቸው እነዚያው አሳዳጆቿ ናቸው። ካፒቴኗና ሁለት ባልደረቦቹ በሳኦ ቶሜ ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ብርቅ ነው።

ታዲያ የጦር መርከብ የሌላ አገር መርከብ ላይ መቼ ሊወጣ ይችላል?

ስምምነቱ የሚፈቅደው በጥቂት ምክንያቶች ነው። መርከቧ በባሕር ላይ ውንብድና ወይም በባሪያ ንግድ ከተጠረጠረች፣ ባንዲራ ከሌላት፣ የሌላ አገር ባንዲራ ይዛ በእውነት ግን የጦር መርከቡ አገር ዜጋ ከሆነች፣ እንዲሁም ያለ ፈቃድ የሬዲዮ ስርጭት የምታካሂድ ከሆነ። የመጨረሻው በ1960ዎቹ በሰሜን ባሕር ላይ ከቆሙ መርከቦች ወደ አውሮፓ ይሰራጩ የነበሩ ሬዲዮ ጣቢያዎች ትዝታ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ልብ በሉ። አደንዛዥ ዕፅ የለም። የጦር መሣሪያ የለም። ሽብርተኝነት የለም። ሕገወጥ ዓሣ ማጥመድም የለም። ለእነዚህ ሁሉ የባንዲራው አገር ፈቃድ ወይም ልዩ ስምምነት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሶ ሳን እንመለስ። ስሟ የተሸፈነ፣ ባንዲራ ያልሰቀለች መርከብ ስለነበረች ዜግነቷን ለማጣራት መውጣት ሕጋዊ ነበር። ውስጧ የተገኘው ጭነት ግን በራሱ ወንጀል አልነበረም። ከዚያ በኋላ አሜሪካ አጋሮቿን ይዛ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎችን ዝውውር ለመግታት የትብብር ማዕቀፍ መሠረተች፤ በ2004 ደግሞ ከላይቤሪያ፣ ከፓናማና ከማርሻል ደሴቶች ጋር የየብቻ ስምምነት ተፈራረመች። በእነዚህ ስምምነቶች መሠረት የተጠረጠረች መርከብ ስትገኝ ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ፈቃድ በአጭር ጊዜ ይገኛል። አዲስ ሕግ ከማውጣት ይልቅ የባለ ባንዲራውን በር ማንኳኳት ቀለለ ማለት ነው።

የባሕር ላይ ውንብድና የሚባለው የትኛው ነው?

በተለምዶ በመርከብ ላይ የሚፈጸም ዘረፋ ሁሉ የባሕር ላይ ውንብድና ይባላል። የሕጉ ትርጉም ግን ጠባብ ነው። ድርጊቱ ኃይል፣ አፈና ወይም ዘረፋ መሆን አለበት። ለግል ዓላማ የተፈጸመ መሆን አለበት። ከአንድ የግል መርከብ ወይም አውሮፕላን ተነሥቶ በሌላ መርከብ ላይ የተቃጣ መሆን አለበት። ቦታውም ከማንኛውም አገር የግዛት ባሕር ውጭ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ድርጊቱ ከባድ ወንጀል መሆኑ አይቀርም፤ ስሙና የሚያስከትለው ሥልጣን ግን ይለወጣል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ውንብድና የሚለው ስም ያልተለመደ በር ይከፍታል፤ የየትኛውም አገር የጦር መርከብ ወንበዴዎቹን መያዝ፣ የያዛቸው አገር ፍርድ ቤትም ሊዳኛቸው ይችላል። የባንዲራ ጥያቄ አይነሣም። በባሕር ሕግ ውስጥ እንዲህ ያለ ሁሉን አቀፍ ሥልጣን በጣም ጥቂት ነው።

በኦክቶበር 1985 አኪሌ ላውሮ የተባለች የጣሊያን መንገደኛ መርከብ ከግብፅ ጠረፍ አጠገብ ተጠለፈች። አራቱ ጠላፊዎች ከሌላ መርከብ ዘለው አልመጡም፤ እንደ መንገደኛ ተሳፍረው ነበር። ዓላማቸውም ፖለቲካዊ ነበር፤ የእስረኞች መፈታትን ጠየቁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አንድ አሜሪካዊ መንገደኛ ገደሉ። ሁለተኛ መርከብ ስላልነበረና የግል ዓላማው ስለሚያከራክር ድርጊቱን የባሕር ላይ ውንብድና ለማለት አስቸጋሪ ሆነ። ክፍተቱን ለመድፈን በ1988 በሮም ሌላ ስምምነት ተፈረመ። በዚህ ስምምነት መርከብን በኃይል መያዝ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወንጀል ሆነ፤ ተጠርጣሪ እጁ የገባ አገርም ወይ ራሱ እንዲከስስ ወይ አሳልፎ እንዲሰጥ ግዴታ ተጣለበት።

የቦታው መስፈርትም እንዲሁ ዋጋ ያስከፍላል። በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ከተፈጸሙት ጥቃቶች ብዙዎቹ በ12 ማይል ውስጥ ነበሩ። እነዚህ በሕግ ዓይን «በመርከብ ላይ የሚፈጸም የትጥቅ ዘረፋ» ናቸው፤ የሚያገባውም የጠረፉ አገር ብቻ ነው። ወንበዴው መስመሩን አቋርጦ ከገባ አሳዳጁ የውጭ ባሕር ኃይል ደጅ ቆሞ ይቀራል። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች በ2013 በያውንዴ የተስማሙት መረጃ እየተለዋወጡ ይህን ቀዳዳ በራሳቸው ኃይል ለመጠበቅ ነው።

የሶማሊያ ወንበዴዎች ጉዳይ እንዴት ነበር?

በ2008 የሶማሊያ ወንበዴዎች ፋይና የተባለች የዩክሬን መርከብ ከ33 ታንኮች ጋር፣ ሲሪየስ ስታር የተባለች የሳዑዲ ነዳጅ ጫኝ ግዙፍ መርከብ ደግሞ 2 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ከሚሆን ድፍድፍ ነዳጅ ጋር ሲጠልፉ ዓለም ደነገጠ። ወንበዴዎቹ መርከቦቹን የሚያቆዩት በሶማሊያ የግዛት ባሕር ውስጥ ነበር፤ በዚያ ሕግ የሚያስከብር ኃይል አልነበረም። የጸጥታው ምክር ቤት በጁን 2008 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 1816 የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት እስከተስማማ ድረስ የውጭ ባሕር ኃይሎች ወደ ግዛት ባሕሩ እንዲገቡ ፈቀደ። ውሳኔው ይህ ለሶማሊያ ብቻ የተሰጠና ለሌላ ቦታ ልማድ የማይሆን መሆኑን በግልጽ ጽፏል። አገሮች ለራሳቸው 12 ማይል ምን ያህል እንደሚሳሱ ከዚህ ይታያል።

የጦር መርከቦች ጎረፉ፤ ወንበዴዎችም ተያዙ። ከዚያስ ማን ይዳኛቸው? የባሕር ሕግ ስምምነቱ ወንበዴውን የያዘው አገር መዳኘት «ይችላል» ነው የሚለው፤ «አለበት» አይልም። ብዙ አገሮች የባሕር ላይ ውንብድናን በራሳቸው የወንጀል ሕግ አላካተቱም ነበር። ምስክሮቹ መርከበኞች በዓለም ዙሪያ ይበተናሉ፤ ተከሳሹን ከሺሕ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ማጓጓዝም ከባድ ነው። ውጤቱ ይዞ መልቀቅ ሆነ። መሣሪያቸው ወደ ባሕር ይጣላል፤ እነሱ ወደ ጠረፍ ይሸኛሉ። ኬንያና ሲሸልስ ተከሳሾችን ተቀብለው ለመዳኘት መስማማታቸው ይህን በከፊል ፈታ። የሁለቱን አገሮች አስተዋጽኦ ከጦር መርከቦቹ ያነሰ አድርጌ አላየውም፤ ፍርድ ቤት የሌለበት ዘመቻ ወንበዴን ለአንድ ቀን ሥራ ከማስፈታት አያልፍም።

አደጋው ከዓመታት ጸጥታ በኋላ በ2023 መጨረሻ ተመለሰ። ሩዌን የተባለች መርከብ ተጠልፋ ሦስት ወር ቆየች። በማርች 2024 የሕንድ ባሕር ኃይል 17 መርከበኞቿን ነጻ አውጥቶ 35 ወንበዴዎችን ማረከ። በዚህ ጊዜ ማንም አልተለቀቀም፤ ሁሉም ወደ ሙምባይ ተወሰዱ። ሕንድ በ2022 ለዚሁ የሚሆን ሕግ አውጥታ ነበርና።

የሁቲዎች ጥቃትስ ውንብድና ነው?

በኖቬምበር 2023 የታጠቁ የሁቲ ኃይሎች ከሄሊኮፕተር ወርደው ጋላክሲ ሊደር የተባለችን መኪና አጓጓዥ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ያዙ። 25 መርከበኞች ከአንድ ዓመት በላይ ታግተው በጃንዋሪ 2025 ተለቀቁ። በማርች 2024 ደግሞ ትሩ ኮንፊደንስ በተባለች መርከብ ላይ በተተኮሰ ሚሳኤል ሦስት መርከበኞች ሞቱ። እነዚህ ለደመወዝ የሚሠሩ ሲቪሎች እንጂ ከጦርነቱ ጋር አንዳች ግንኙነት የነበራቸው አይደሉም።

ብዙዎች ውንብድና አሉት። ሁቲዎች ግን ዓላማችን የጋዛ ጦርነት ነው ይላሉ፤ ገንዘብ አልጠየቁም። «የግል ዓላማ» ማለት መንግሥት ያልፈቀደው ሁሉ ነው የሚሉ የሕግ ሊቃውንት አሉ፤ ፖለቲካዊ ዓላማ ከዚያ ውጭ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም። ጥቃቱ ግን በየትኛውም ትርጉም ሕጋዊ አይሆንም፤ የ1988ቱ የሮም ስምምነትና የጦርነት ሕግ ሁለቱም ሲቪል መርከበኞችን ይጠብቃሉ። የጸጥታው ምክር ቤት በጃንዋሪ 2024 በውሳኔ ቁጥር 2722 ጥቃቶቹን አውግዟል፤ አገሮች መርከቦቻቸውን ከጥቃት የመከላከል መብት እንዳላቸውም ጠቅሷል። ሕግ የማስከበር ሥራ ወደ ጦርነት የሚሻገረው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ወንበዴን የሚይዘው ፖሊስ ሲሆን ሚሳኤልን የሚመክተው ደግሞ ወታደር ነው፤ ሁለቱ የሚመሩበትም ሕግ አንድ አይደለም።

የሸሸን መርከብ እስከ የት ማሳደድ ይቻላል? ምን ያህል ኃይልስ?

ወንጀሉ የተፈጸመው የጠረፉ አገር ሥልጣን ባለበት ውኃ ከሆነ መርከቧን እስከ ክፍት ባሕር ድረስ ተከትሎ መያዝ ይፈቀዳል። ማሳደዱ ግን እዚያው ውኃ ውስጥ መጀመር አለበት። ቁሚ የሚለው ምልክት በሚታይ ወይም በሚሰማ ርቀት መሰጠት አለበት። ክትትሉም ለአፍታ እንኳ ሊቋረጥ አይገባም። መርከቧ የራሷን ወይም የሦስተኛ አገርን የግዛት ባሕር ስትረግጥ መብቱ ያበቃል።

በኃይል በኩል ሕጉ የተማረው ከስሕተት ነው። በ1929 አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን የጠረፍ ጠባቂዎቿ አይም አሎን የተባለችን የካናዳ አልኮል አመላላሽ መርከብ ሁለት ቀን አሳድደው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አሰመጧት፤ አንድ ሰው ሞተ። መርከቧ አዘውትራ ኮንትሮባንድ ትሠራ እንደነበር ማንም አልካደም። ሆኖም ጉዳዩን የመረመሩት ኮሚሽነሮች በ1935 ሆን ብሎ ማስመጡ ተገቢ አልነበረም አሉ። አሜሪካ ይቅርታ እንድትጠይቅና ለካናዳ 25,000 ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ።

ይህ መርሕ በ1999 በሐምቡርግ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ጸና። ሳይጋ የተባለች ትንሽ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በጊኒ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ ለዓሣ አጥማጅ መርከቦች ነዳጅ ስትሸጥ ነበር። ጊኒ ጉምሩክ ተጣሰብኝ ብላ ከቀጣናው ውጭ ተከትላ ያዘቻት፤ ወታደሮቿ መርከቧ ላይ ከወጡ በኋላም ተኮሱ። ፍርድ ቤቱ የጉምሩክ ሕግ እስከዚያ አይደርስም አለ፤ ማሳደዱም መስፈርቱን አላሟላም፤ ኃይሉም ከልክ ያለፈ ነበር። ጊኒ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተፈረደባት። ዳኞቹ ያስቀመጡት ቅደም ተከተል ዛሬም ይሠራል፤ መጀመሪያ ምልክት፣ ቀጥሎ ከፊት ለፊት የማስጠንቀቂያ ተኩስ፣ ይህ ሁሉ ካልሠራ ብቻ የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ኃይል። ያኔም የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ የሚቻለው ሁሉ ሊደረግ ይገባል።

ይህ መስፈርት ዛሬ ከባድ ፈተና ላይ ነው። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር አደንዛዥ ዕፅ ይጭናሉ ያላቸውን ጀልባዎች በካሪቢያን ባሕር፣ ቀጥሎም በምሥራቅ ፓሲፊክ ከአየር እየመታ ሰዎችን ገድሏል። አሜሪካ ከዕፅ ነጋዴ ቡድኖች ጋር በትጥቅ ግጭት ውስጥ ነኝ ትላለች። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኃላፊ ቮልከር ቱርክ ግን ድርጊቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች ሕግን የሚጥስ ነው ብለዋል። እስከዚያ ድረስ ሥራው የሚከናወነው በ1988ቱ የቪየና የዕፅ ስምምነት መንገድ ነበር፤ የባንዲራው አገር ይጠየቃል፣ ጀልባዋ ትቆማለች፣ ዕፁ ይያዛል፣ ሰዎቹ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። የተገደለ ሰው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን የሚያጣራለት ዳኛ የለም።

ስደተኞችን የጫነ ጀልባስ?

በባሕር ላይ ከሁሉ የሚቀድም ግዴታ አለ። ማንኛውም ካፒቴን የራሱን መርከብ ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ በውኃ ላይ በአደጋ ውስጥ ያለን ሰው ማዳን አለበት። የሰውየው ዜግነት፣ ሰነድ፣ የተሳፈረበት መንገድ አይጠየቅም።

ካዳኑ በኋላ የት ይወሰዳሉ? በ2009 የጣሊያን መርከቦች ከላምፔዱዛ ደቡብ 200 ያህል ሰዎችን የጫኑ ጀልባዎችን አገኙ፤ ሰዎቹን ወደ ራሳቸው መርከቦች ካወጧቸው በኋላ ወደ ትሪፖሊ መለሷቸው። 11 ሶማሊያውያንና 13 ኤርትራውያን ክስ መሠረቱ። ጣሊያን ድርጊቱ በክፍት ባሕር ላይ የተፈጸመ ነው ብላ ተከራከረች። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2012 ክርክሩን አልተቀበለም፤ ሰዎቹ በጣሊያን መርከብ ላይ፣ በጣሊያን ወታደሮች እጅ ነበሩ፤ ስለዚህ የጣሊያን ኃላፊነትም አብሯቸው ነበር። መሬት በሌለበትም መብት አለ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከባሕር ሕግ ፍርዶች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

የባሕር ሥር ኬብል ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል?

ከአህጉር ወደ አህጉር ከሚተላለፈው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚያልፈው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጉ ኬብሎች ነው። አብዛኞቹ ኬብሎች የሚያልፉት ከ12 ማይል ውጭ ነው። የባሕር ሕግ ስምምነት እያንዳንዱ አገር የራሱ መርከቦችና ዜጎች ኬብል ሲቆርጡ የሚቀጣ ሕግ እንዲያወጣ ያዛል። በሌላ አገር መርከብ ላይ ግን የጠረፉ አገር ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ አይናገርም።

በዲሴምበር 25 ቀን 2024 ፊንላንድንና ኢስቶኒያን የሚያገናኘው ኢስትሊንክ 2 የኤሌክትሪክ መስመርና በርካታ የመገናኛ ኬብሎች ተበጠሱ። ጥርጣሬው ከሩሲያ ነዳጅ ጭና በምትጓዝ፣ የኩክ ደሴቶችን ባንዲራ በያዘች ኢግል ኤስ በተባለች መርከብ ላይ ወደቀ። የፊንላንድ ባለሥልጣናት ወደ ግዛት ባሕራቸው እንድትገባ አደረጉና ፖሊሶች በሄሊኮፕተር ወረዱባት። ፍጥነታቸው የተደነቀ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጠፋው መልሕቋ ከባሕሩ ወለል ወጣ። ካፒቴኑና ሁለት መኮንኖች ተከሰሱ፤ ጥፋተኛ አይደለንም አሉ።

በኦክቶበር 2025 የሄልሲንኪ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይዳኘው ዘጋው። ጉዳቱ የደረሰው ከፊንላንድ ግዛት ባሕር ውጭ ነው፤ ነገሩ የባሕር ጉዞ አደጋ ስለሆነም የመዳኘት ሥልጣኑ የባንዲራው አገር ወይም የተከሳሾቹ አገሮች ነው ሲል ወሰነ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ። መርከቧ ከውሳኔው ወራት ቀደም ብላ ተለቅቃ ሄዳ ነበር።